መኪናዋን ወደድካት ወይስ ወረቀቷን?

«ፎርጅድ» ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ዲግሪ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ነው፤ ሲብስ ደግሞ የልደት ካርድ። አሜሪካኖች ዘንድ ግን የመኪና ፎርጅድ የሚባል ጉድ አለላችሁ! መኪናዋ ትሄዳለች፣ ታጓራለች፣ ጎማዋ ይጨሳል፤ ግን «ኦሪጅናል አይደለችም» ከተባለች ዋጋዋ ዱብ ይላል። «መኪና ከሄደች ሌላ ምን ያስፈልጋታል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። የአንድ ጓደኛዬ ሰርግ በዚሁ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው የማወራችሁ። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ መኪና በሚታደስበት ጋራዥ ባትላሜራ ነኝ፤ ስለዚህ ጉዱን ከሥሩ አይቼዋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው (ከዚህ በኋላ ያለውም ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ፖንቲያክ «ጂ ቲ ኦ» የምትባል መኪና አወጣ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ መካከለኛ መጠን ባላት ተራ መኪና ውስጥ የትልቅ መኪና ሞተር መክተት። ወጣቱ አበደ! ሼቭሮሌት፣ ፎርድ፣ ዶጅ፣ ፕሊመዝ እየተከታተሉ ገቡበት። «መስል ካር» አሏቸው፤ እኛ «ባለ ጡንቻ» እንበላቸው። ያኔ አዲስ ሥራ የያዘ ጎረምሳ በወር ክፍያ የሚገዛቸው ነበሩ። ዛሬ? አንዲት የ1971 ፕሊመዝ «ሄሚ ኩዳ» ጣሪያዋ የሚታጠፈው በ2014 በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። እንዲህ ያለ ብር ባለበት ደግሞ ፎርጅድ መቼም አይጠፋም።

ጓደኛዬ ያደገው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። የመኪና ዕቃ ሽታ እንደ ቡና ሽታ የሚናፍቀው ሰው ነው። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ በሁለት ሥራ ተወጥሮ ብር አጠራቀመ፤ እጮኛውም ነርስ ናት፣ እሷም አጠራቀመች። ብሩ ለሰርግና ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ደውሎ «አገኘኋት!» አለኝ። እኔ ቤት መስሎኝ! የ1969 ሼቭሮሌት «ቼቬል ኤስ ኤስ 396» ናት ያገኘው። ቀይ፣ ጥቁር መስመር ያላት፣ 46 ሺህ ዶላር የተባለች። ባለቤቱ ከሰባ ዓመት ያለፉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው።

እጮኛው አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም። «ኦሪጅናል ናት ያለህ ማነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። «ሰውየው፤ ደግሞ ሁሉም ነገሯ ኤስ ኤስ ይላል» አላት። «እኛ ሆስፒታል አንድ ታካሚ ስሙን ስለነገረን ብቻ ደም አንሰጠውም» አለችውና አረፈችው። በእውነት ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ንግግር ከባለሙያም አልሰማሁም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 ፊደልና አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ለሁሉም ፋብሪካ አንድ ወጥ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ነው የሚጽፈው። ዶጅና ፕሊመዝ ደግ ናቸው፤ የ1970 መኪና ከሆነች አምስተኛው ፊደል ሞተሩን ይናገራል፤ «አር» ካለ ሄሚ ነው። ቼቬል ግን ተንኮለኛ ናት። ከ1966 እስከ 1968 የኤስ ኤስ 396 ሻንሲ በ138 ይጀምራል፤ አየኸው፣ አለቀ። በ1969 ግን ኤስ ኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል መሆኑ ቀረና እንደ ሬዲዮ በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዝ ዕቃ ሆነ። ስለዚህ እውነተኛዋ ኤስ ኤስም፣ አክስትዬዋ ገበያ የምትሄድባት ባለ ቪ 8 ማሊቡም፣ ሁለቱም በ13637 ይጀምራሉ። ምልክቱን፣ ኮፈኑንና ወንበሩን ከዕቃ ሻጭ ገዝቶ መለጠፍ ነው የሚቀረው!

የሽማግሌው መኪና 13637 ትላለች፤ ከዚያ 9፣ ከዚያ «ቢ»። 9 ዓመቷ ነው። «ቢ» ባልቲሞር ነው። የባልቲሞሩ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ2005 ተዘግቶ ፈርሷል፤ በቦታው ላይ የአማዞን መጋዘን ቆሟል። ጓደኛዬ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ደግሞ እዚያው ነው! መኪናዋ የተገጠመችበት መሬት ላይ ካርቶን ያሽጋል። ይህን ሲያውቅማ «ዕጣ ፈንታዬ ናት» ብሎ ልቡ ጨርሶ ቀለጠ።

«ታዲያ ፋብሪካው መዝገብ የለውም እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጣላው። ለፖንቲያክ አለ፤ የየመኪናዋ የሽያጭ ካርድ ተርፎ «ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ» የሚባል ድርጅት ቅጂውን በክፍያ ይሰጣል። ለፎርድ ከ1967 ወዲህ ያለውን «ማርቲ» የሚባለው መሥሪያ ቤት ከኮምፒዩተር አውጥቶ ይነግርሃል። ክራይስለር እስከ 1967 ያለው የምርት ካርድ ተርፏል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ማለትም ሰው የሚሞትለትን ዘመን፣ እዚያ ሄደህ አታገኝም። ሼቭሮሌት አሜሪካ ውስጥ ለሸጣቸው የዚያ ዘመን መኪኖች በየግል የተያዘ መዝገብ የለም። ካናዳ የተሸጠች ከሆነች ግን የካናዳው ጄኔራል ሞተርስ ሰነዷን ያወጣል። እስቲ አስቡት፤ በዚያው በባልቲሞር ፋብሪካ ጂ ቲ ኦም ይገጠም ነበር። አንዷ የልደት ካርድ አላት፣ ጎረቤቷ የላትም። የ1970 ቼቬል «ኤል ኤስ 6» የተባለው ባለ 450 ፈረስ ጉልበት ሞተር 4,475 መኪና ላይ እንደገባ ይታወቃል፤ ከነዚህ ስንቶቹ ጣሪያቸው የሚታጠፍ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ያስጨቃጭቃል።

የቀረው ተስፋ «ቢልድ ሺት» ነው። መኪናዋ በመስመሩ ላይ ስታልፍ ሠራተኛው ምን እንደሚገጥም የሚያነብበት ወረቀት ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ወንበር ስፕሪንግ ውስጥ ይወሸቃል፣ ወይ የቤንዚን ታንከሩ ላይ ይቀራል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስትፈታው አይጥ የተረፈውን ታገኛለህ። ግን ያ ሠራተኛ ለታሪክ አልነበረም የሚሠራው፤ ፈረቃው እስኪያልቅ ነበር። የአንዷን ወረቀት የሌላዋ ወንበር ውስጥ ከትቶ መሄድ የተለመደ ነው። ወረቀቱን የሚያስመስሉ ደግሞ አሉ፤ በሻይ ነክረው የሚያስረጁም አይጠፉም።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይዋሹ እንደነበርም አትርሱ። የ1969 ካማሮ «ዜድ 28» ወረቀት ላይ 290 ፈረስ ጉልበት ናት፤ መሬት ላይ ከዚያ በላይ ነበረች። በተለይ ኢንሹራንሱም የውድድር አወዳዳሪውም በቁጥር ስለሚመዝን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ያዋጣ ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያዋ ዝነኛ ጂ ቲ ኦ ነገር ያስቃል። በመጋቢት 1964 «ካር ኤንድ ድራይቨር» መጽሔት ፈትኖ ዓለምን ያስደነቀባት መኪና ውስጥ የነበረው ለደንበኛ የሚሸጠው 389 ሞተር ሳይሆን ትልቁ 421 ነበር። የፖንቲያክ የማስታወቂያ ሰው የነበረው ጂም ዋንገርስ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ራሱ አመነ። የባለ ጡንቻዎቹ ዝና ገና ሲወለድ በተቀየረ ሞተር ነው የተወለደው ማለት ነው!

ቁጥር የሚያድንበት ጊዜም አለ። በ1968 «ቡሊት» የተባለው የስቲቭ ማክዊን ፊልም ላይ የሠሩት ሁለት ሙስታንጎች ነበሩ። አንዷ ሜክሲኮ ቁራሌ መሃል ተጥላ ተገኘች። ያገኟት ሰዎች በ2000 ዓ.ም. የወጣ የሌላ ፊልም መኪና ሊያስመስሏት ሥራ ጀምረው ነበር። የሻንሲ ቁጥሯ ሲታይ ነው ማንነቷ የታወቀው። እህቷ በጥር 2020 ጭረቷን ሳታስጠግን 3.74 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ልታስመስል የተነሳኸው ዕቃ ራሱ ታሪክ ሆኖ ሲገኝ ማለት እንዲህ ነው።

ወደ ቀይዋ ልመለስ። ሽማግሌው ቅር ሳይላቸው ጋራዣችን አመጧት፤ ይህን አከብርላቸዋለሁ። ሊፍት ላይ ወጣች። ወንበር ውስጥ ወረቀት የለም። ታንከሩ ላይ የተጣበቀ ቁራጭ አገኘን፤ ቁጥሩ የሷ አይደለም። ሞተሩ እውነትም 396 ነው። ፊቱ ላይ የሻንሲዋ የመጨረሻ አሃዞች ተመትተዋል፤ ልክ ናቸው። ጓደኛዬ «ይኸው!» ብሎ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረውም።

ፋብሪካው ያንን ቦታ ሲቆርጥ ማሽኑ ቀጫጭን ትይዩ መስመር ይተዋል፤ ይሄኛው እንደ መስታወት ልስልስ ነው። እሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሞተር በሐቅ ሲታደስም ቦታው ይላጋል። ስለዚህ ብሎኩ ሲቀለጥ አብሮ የተጣለውን ቀን ፈለግን። እሱን ማስመሰል ከባድ ነው። ፊደሉ ወር ነው፤ ጥር «ኤ»፣ የካቲት «ቢ» እያለ ይሄዳል። ብሎኩ «ኢ 7 9» ይላል፤ ግንቦት 7 ቀን 1969። የቦዲዋ ታርጋ ደግሞ፣ ከሞተሩ ኋላ ያለው ብረት ላይ የተመታው፣ «02 ቢ»፤ የካቲት፣ ሁለተኛ ሳምንት። መኪናዋ በየካቲት ተወልዳ ልቧ በግንቦት? ሊሆን አይችልም። አንድ ሰው ሌላ ሞተር ገዝቶ፣ ልጎ፣ የሷን ቁጥር መትቶበታል።

የኛ ሊብሬ ላይ ሻንሲውም ሞተሩም ይጻፋል፤ ሞተር ስትቀይር ማስመዝገብ አለብህ። የአሜሪካው የባለቤትነት ወረቀት ላይ ግን የሞተር ቁጥር የለም። ለዚያ ነው እንዲህ ያለው ነገር ሳይነካ የሚኖረው።

ጓደኛዬ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው «እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። በ1983 ከአንድ ወታደር ገዝተዋታል፤ እሱም ኦሪጅናል ናት ብሏቸዋል። ሟች ሚስታቸውን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱባት እሷ ነበረች። «ታዲያ አርባ ዓመት ስዋሽ ነው የኖርኩት?» አሉ። «እርስዎ አልዋሹም፤ ኤስ ኤስ አይደለችም ብዬም አልማልም፤ ሞተሩ የሷ አይደለም ነው ያልኩት» አልኳቸው። ይህ ለማጽናናት አይደለም። ከፋብሪካ ኤስ ኤስ ሆና ወጥታ ሞተሯ ተቃጥሎ የተቀየረ ልትሆን ትችላለች፤ ከተራ ማሊቡ የተሠራች ልትሆንም ትችላለች። የሚመሰክር የለም።

ወዳጆቿ እዚህ ላይ ሁለት ጎራ ናቸው። አንዱ «ካልተረጋገጠ ፎርጅድ ነው፣ ምልክቱን ንቀል» ይላል። ሌላው «ክሎን» ማለትን ይጠላና «ትሪቢዩት» ይላታል፤ መታሰቢያ እንደማለት። ስሙ ያምራል። ችግሩ ግን ዛሬ «መታሰቢያ ናት» ብሎ በሐቅ የሠራት ሰው ይሸጣታል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ሲሸጥ ቃሉን ይረሳዋል፤ ሦስተኛው ለልጁ ኦሪጅናል ብሎ ያወርሳል። ክፋት ሳይኖር ውሸት የሚወለደው እንዲህ ነው። ምልክቱ ቢኖር ባይኖር ግድ የለኝም፤ እኔ የምፈልገው የተጻፈ ነገር ነው።

እጮኛው የፈለገችውም ያንኑ ነበር። ጓደኛዬ 28 ሺህ አቀረበ። ሽማግሌው አንድ ሳምንት ዝም አሉ። ከዚያ ደወሉ፤ 31 ሺህ። ብሩ ከመከፈሉ በፊት እሷ ደረሰኙ ላይ «ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣችበት አይደለም፤ ኤስ ኤስ መሆኗ አልተረጋገጠም» ተብሎ ካልተጻፈ አልፈርምም አለች። ሽማግሌው በእጃቸው ጻፉት፤ ሥሩ ላይ ከማን፣ በስንት፣ በየትኛው ዓመት እንደገዟት ሳይጠየቁ ጨመሩበት። ያ ወረቀት አሁን የቤታቸው ካዝና ውስጥ፣ ከፓስፖርቶቹ ጋር ነው።

የቤቱ ቅድሚያ ክፍያ አንድ ዓመት ተገፋ፤ ለዚህ ጓደኛዬ ገና ብዙ ሳህን ያጥባል። ሰርጉ መስከረም ላይ ነው። ሙሽራዋ በቀይዋ ለመሄድ ተስማምታለች፤ መንገድ ላይ ከቆመች ግን ቬሎዋን ሰብስባ ታክሲ እንደምትይዝ ከወዲሁ አስታውቃለች።