ቀዳዳና መክደኛ

በልጅነቴ ነቀምቴ በገባን ሰሞን፣ ጎረቤታችን እመቤት ቅቤ ሲያነጥሩ ድስቱ በእሳት ተያያዘ። እሳቸውም «ቀዳዳ! ቀዳዳ!» እያሉ ጮኹብኝ። እኔ ኦሮምኛ ገና አላውቅም ነበርና በማድቤቱ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እፈልግ ጀመር፤ ባጣሁም ጊዜ ውሃ አንሥቼ ደፋሁበት። ነበልባሉ ወደ ላይ ዘለለ፤ የእሳቸውም እጅ ተቃጠለ። ለካስ በኦሮምኛ ቀዳዳ ማለት የድስት መክደኛ ኖሯል! የሚነድ ቅባት ተከድኖ አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ ውሃ ሲነካው ግን ውሃው ባንድ ጊዜ ተንኖ ቅባቱን ከነእሳቱ ይበትነዋል።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየመሣሪያው ስም አስቀድመው የሚስማሙት፣ በጭስ መካከል ትርጕም ለመጠየቅ ጊዜ ስለሌለ ነው። በወለጋ ከተሞች ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ማድቤት ይገናኛሉና፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ሁለቱንም ስም አስተምሩ።