መንገድ አመልካቹ

በመጋቢት ወር 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) ሜልበርን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን ስታስተናግድ እኔም ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ነበርሁ። ሥራዬ በትልቁ የክሪኬት ስታዲየም መግቢያ ቆሞ ለእንግዳ መንገድ ማሳየት ነበር። በስደት ዘመኔ ሁሉ መንገድ ጠያቂ ሆኜ የኖርሁት ሰው፣ የደንብ ልብስ ለብሼ፣ ስሜን ባንገቴ አንጠልጥዬ፣ ተጠያቂ ሆንሁ። ደስታዬን አልደብቅም።

ከሥራ ስወጣ ከተማይቱን በእግሬ እዞራት ነበር። ከጆሊሞንት ተነሥቼ፣ ሰው ሁሉ በሚቀጣጠርበት በፍሊንደርስ ጎዳና ባቡር ጣቢያ ሰዓቶች ሥር አልፌ፣ በፕሪንስስ ድልድይ ላይ እቆማለሁ። በያራ ወንዝ ላይ ለየአገሩ አንዳንድ ግዙፍ የዓሣ ቅርጽ ተሠርቶ፣ ሲመሽ በመብራት ይደምቃል። ኬንያ ዓሣ አላት፤ ኡጋንዳም አላት። አገሬ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች ዓሣ አልተሠራላትም። ቅኝ ባለመገዛታችን ስንኮራ ያደግን ሰዎች ነን፤ በዚያ ምሽት ግን ኩራቱ ብቸኝነት መስሎ ታየኝ።

የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እዚሁ ሜልበርን ላይ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም. (1956) ነው። ማሞ ወልዴ እኔ በሩን በምጠብቀው በዚህ ስታዲየም በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦ ማጣሪያውን ሳያልፍ ቀርቷል። ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅ ያገኘው ይኸው ሰው ነው። ሜዳውን ባየሁ ቁጥር፣ ተሸንፎ ሲወጣ ማን «አይዞህ» ብሎት ይሆን እያልሁ አስብ ነበር።

ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ወጣት ስፖርተኛ ቀረበኝ። በር የጠፋበት መስሎኝ እጄን አነሣሁ። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ እዚህ አገር የቀረኸው እንዴት ነው?» አለኝ።

ባንገቴ ያለውን መታወቂያ አየሁ። ከዚያም፣ «እዚያ የመረጃ ጠረጴዛ አለ፤ እነርሱን ጠይቅ» ብዬ በጣቴ አመለከትሁት። አመስግኖኝ ሄደ።

ይህንኑ ጥያቄ እኔም ከዓመታት በፊት ፉትስክሬይ ውስጥ አንድ የአገሬን ሰው ጠይቄው ነበር። እርሱ በጣቱ አላመለከተኝም። ሱቁን በቀትር ዘግቶ፣ ባቡር አሳፍሮ፣ እስከ ጠበቃው ደጃፍ አድርሶኛል።

በዚያው ሰሞን ከሴራሊዮን ቡድን 14 ስፖርተኞች እንደተሰወሩ ተሰማ፤ በኋላም ጥገኝነት ጠየቁ። ያ ወጣት ከነርሱ አንዱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። አገሩን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ለአገልግሎቴ የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በግድግዳ ላይ ልሰቅለው አልደፈርሁም። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ የመጣ ሰው መንገድ ሲጠይቀኝ፣ የያዝሁትን ትቼ አብሬው እሄዳለሁ።