ቁም ሳጥን ላይ የቆየው አውሮፕላን



ባለፈው ክረምት ግቢ ሲዘጋ እኛ ሁለት ወንድማማቾች ሻንጣችንን ይዘን እዚሁ ሐዋሳ ወዳለው ቤታችን ገባን። እናታችን ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ሥራ ሰጠችን። «አጎታችሁን አጫውቱት፤ ዝም ብሏል» አለችን። ታናሽ ወንድሟ ጅዳ ውስጥ ለብዙ ዓመት የመኪና ቀለም ቀቢ ሆኖ ሠርቶ ጠቅልሎ ከተመለሰ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ይሰግዳል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ስለ ሥራ የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ «ኢንሻአላህ» ብሎ ይሸኘዋል።

ስለ ኳስ አወራነው፣ ስለ ግቢ አወራነው፤ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። በሦስተኛው ቀን ክፍላችንን ስናጸዳ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አቧራ የለበሰ ካርቶን ወረደ። ወዲያው አወቅነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለዒድ ሲመጣ እሱ ራሱ ያመጣልን ተገጣጣሚ አውሮፕላን ነው። ቦይንግ 787።

ያኔ ግማሽ ድረስ ሠርተነው ነበር። ከዚያ የአንዳችን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደረሰና «ፈተናው ይለፍ» ተባለ። ፈተናው አለፈ፤ ሌላ ፈተና መጣ። አጎታችን በደወለ ቁጥር «አውሮፕላኑስ?» ይለናል፤ እኛም «ትንሽ ነው የቀረው» እንላለን። ካርቶኑን ግን ከፍተነው አናውቅም። አንድ ጊዜ ላይ መጠየቁን ተወ።

ለማታውቁት፣ ይህ ነገር ከመጫወቻ ይለያል። 1 ለ144 ማለት እያንዳንዱ ልክ ከእውነተኛው 144 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። የእውነተኛው 787-8 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ነው፤ የእኛ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ርዝመቱ 57 ሜትር ያህል ነው፤ የእኛ 39 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ያንን አውሮፕላን የመረጠልንም በምክንያት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተረክቦታልና።

ካርቶኑን ስንከፍት አፈርን። ማጣበቂያው በቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው የጽሑፍና የመስመር ወረቀት ቢጫ ሆኗል። አንዱ ክንፍ ተጣሞ ተጣብቋል፤ የልጅነት ጣታችን አሻራም ፕላስቲኩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። መልሰን ልንሰቅለው ስንል አጎታችን ውሃ ሊጠጣ ገባ። አየው። ምንም ሳይናገር ክንፉን አነሣና መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ይሄ ስቱኮ ይፈልጋል» አለ። «ብርጭቆ ወረቀትም አምጡ። ሻካራውን አይደለም፤ የውሃውን።»

ከእሱ አፍ ረዘም ያለ ነገር ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ሮጠን ገበያ ሄድን።

ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ነው። ጠማማውን ክንፍ በምላጭ ቀስ ብለን አላቀቅነው። የኮክፒቱን መስታወት በሱፐር ግሉ ስናጣብቅ ጭሱ አነጣው፤ አጎታችን በጨርቅና በጥርስ ሳሙና ብዙ አሽቶ አጠራው፤ ከዚያ በእንጨት ሙጫ አጣበቅነው። ቢጫ የሆነውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጠፍነው፤ ፀሐይ በወጣባቸው ቀናት ቀስ በቀስ ነጣ። እንዳይፈረካከስም መጀመሪያ ስስ ቫርኒሽ ቀባነው። ቀለሙን በቲነር አቅጥኖ ሦስት ጊዜ በስሱ አስቀባን። «አንድ ወፍራም ቀለም ጉድፍን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ሲደርቅ ይፈስሳል» ይለናል። እውነተኛው 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበርና ከመሰል ውህዶች የተሠራ መሆኑን ስንነግረው፣ ዕድሜውን ቆርቆሮ ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ነውና «ሱብሓነላህ! ታዲያ ዝገቱን ማን ሊፍቀው ነው?» ብሎ ሳቀ።

አንድ የግቢ ጓደኛችን ሊጠይቀን መጥቶ «ይሄ ጊዜ ማባከን አይሆንም?» አለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገም ስለ ጊዜያችን እንጠየቃለንና። እኛም ደንብ አወጣን፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ብቻ፤ አዛን ሲል ብሩሹ ይቀመጣል። ደንቡ ለሥራውም በጀው፤ ቀለም እስከ ማግስቱ ካላደረሱት አይደርቅምና።

አንድ ቀን የጭራውን ሦስት ቀለማት ለመቀባት የወረቀት ፕላስተር ስንለጥፍ አንዳችን ሳያስበው አወጣው። «አጎቴ፣ በስልክ ‹ትንሽ ነው የቀረው› ስንልህ የነበረው ውሸት ነው። ካርቶኑን አልከፈትነውም።»

ፕላስተሩን በጥፍሩ እየተጫነ ትንሽ ቆየ። «እኔም ‹ደህና ነኝ› ስላችሁ የነበረው እንደዚያው ነው» አለ።

ከዚያ ነገረን። ሁሉንም እዚህ አንጽፈውም፤ የእሱ ነው። ያን ቀን ግን መግሪብ አብረን ሰግደን እስከ ዒሻ ተቀመጥን።

ሲያልቅ ደግሞ አሳፈረን። ጎማው ላይ አቆምነው፤ በጭራው ቁጭ አለ! አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር ረስተናል። ከሆዱ በታች ቀዳዳ አበጅተን ጥቂት ዳዶዎችን ወደ አፍንጫው ገፍተን በሙጫ አጸናናቸው። ያኔ የኮርዶባውን ዐባስ ኢብን ፊርናስን አስታወስን። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ሊቅ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ አል-መቀሪ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደዘገበው፣ ላባ ለብሶ ክንፍ ሠርቶ በረረ፤ ሲያርፍ ግን ጀርባውን ተጎዳ፤ ወፍ በጭራዋ እንደምታርፍ ልብ ሳይል ጭራ አልሠራምና። አሞራ ገደል ሄዳችሁ አባ ኮዳ ሲያርፍ ተመልከቱ፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ ጭራውን ከፍቶ፣ እግሩን አስቀድሞ ነው የሚወርደው። እኛ ሐዋሳ ተወልደን ይህን ልብ ያልነው ዘንድሮ ነው።

አሁን አውሮፕላኑ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ቆሟል። አጎታችን ከሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት አንድ ጋራዥ ይውላል። አውሮፕላኑ ነው ያስወጣው ለማለት አንደፍርም፤ ሁሉም በአላህ ፈቃድ ነው። ግን ቅዳሜ ሲመጣ «ቀጥሎስ?» የሚለው እሱ ነው።

ቀጥሎ ፀሐይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን እዚሁ አገራችን ተሠርታ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ተሰይማ፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያን ወስዷት የኖረችው አውሮፕላን። ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የእሷን ኪት ስላላገኘን ፎቶ እያየን በካርቶንና በቀርከሃ ስንጥር ልንሠራት ጀምረናል።

ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ቤታችሁ ቁም ሳጥን ላይ የሰቀላችሁት አንድ ነገር አይጠፋም፤ የተጀመረ ጥልፍ፣ ያልተጨረሰ ሒፍዝ፣ የተፈታ ሬዲዮ። ለዕረፍት ስትሄዱ አውርዱት። የሰጣችሁ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ደውሉለት፤ ምን ያህል እንደቀራችሁም እውነቱን ንገሩት።