ከአልዩ አምባ በፊት

በ1987ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አባቴና ታላቅ ወንድማቸው ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጡ። ብሔረሰባቸውን ሲጠየቁ አባቴ «አማራ» አሉ፤ በሌላ ሰፈር የሚኖሩት አጎቴ «አርጎባ» ብለው አስመዘገቡ። ሁለቱ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባታቸው የአንኮበር ደገኛ ነበሩ። እናታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ ከደጋው ሥር ከአልዩ አምባ፣ ከሸማኔ ቤት የተወለዱና ሲያገቡ ክርስትና የተነሡ ናቸው። አጎቴ ያደጉት እዚያው ቆላ፣ በእናታቸው አባት ቤት፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ሲመላለስ እያዩ ነው። ሰው በአባቱ ይቆጠራል በሚባልበት አገር እሳቸው በእናታቸው መቆጠርን መረጡ።

በዚህ ነገር ወንድማማቾቹ ተጣልተው አያውቁም። አንድ ሰው ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዝምታው ለእኔ የተገለጠልኝ የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ከአንድ የጉራጌ ቤተሰብ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ነው። እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ሲቆጠር፣ በአያቴ እናት በኩል ቆጠራው ድንገት ቆመ። የአያቴ አያት ስሟ ይታወቃል፤ የአባቷን ስም የሚጠራ የለም። ከየት ናት ሲባል «ከአልዩ አምባ» ይባላል። ከአልዩ አምባ በፊትስ? አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሌላው ወገን ቆጠራ አለፉ። ሙስሊሙ ወገን ሰባት ቤት መቁጠር ግዴታው ስላልሆነ የጠፋ ይሆናል ብዬ ነበር። ነገር ግን የባሏን አባቶች እስከ ስድስተኛው ድረስ አንድ ሳያስቀሩ ዘርዝረዋቸዋል። ስለዚህ ልጠይቅ ወረድኩ።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አንኮበር፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው አገሩ በዓይኑ ሥር ሲለወጥ ያያል። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ታች ማሽላ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው፣ ሙቀት። ከመንደሯ ወዲያ መሬቱ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል።

ይህች ትንሽ መንደር የሸዋ በር ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይፋት ይደርሳል። ግመል ደጋውን አይወጣምና ጭነቱ ቆላው ጫፍ ላይ፣ ፋሬ አካባቢ ይራገፋል፤ ነጋዴው ግን አልዩ አምባ ላይ ይሰፍራል። ዕቃው እስኪሸጥ፣ የሚመልሰው ጭነት እስኪሞላለት ወራት ይቀመጣል። ቤት ይከራያል፤ ሚስትም ያገባል። በ1834 ዓ.ም. ከታጁራ መጥቶ፣ በንዳድ ሲማቅቅ እዚሁ ተከራይቶ የከረመው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ያየውን ሁሉ በመጽሐፉ አስፍሮታል። የአርጎባ ሸማኔና ነጋዴ፣ አፋሩ፣ ሶማሌው፣ የሐረር ሰው፣ ከደጋ የወረደው አማራ በአንድ የዓርብ ገበያ ይገናኙ ነበር። አገሩን ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚጠብቁት ደግሞ ሙስሊሙ ወላስማ መሐመድ ነበሩ፤ ማዕረጋቸው ከጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች የወረደ ነው።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ስለ መነሻቸው ስጠይቃቸው ከዐረብ አገር ይጀምራሉ። በአክብሮት ሰማኋቸው። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን በእነዚሁ ተራሮች ላይ ያለው ድንጋይ ነው። ወላስማዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጥለው ይፋትን አነገሡ። የኖራና የአስባሪ ከተሞቻቸው ፍርስራሽ ከነመስጊዶቹ እስከ ዛሬ አለ። እነዚያን ግድግዳዎች የካበው እጅ የዛሬው የይፋት ሸማኔ ወገን እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ሕዝብ እንግዳ የሚቀበል ባለቤት ሆኖ ብዙ መቶ ዓመት ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ አፋሩንም ሐረሬውንም በኩራት ያነሣሉ። «እገሌ የታጁራ ነጋዴ የልጅ ልጅ ነው» ለማለት ማንም አይሳቀቅም። በፈቃዱ የመጣ ሁሉ በትውልድ ቆጠራው ውስጥ ቦታ አለው። ሳይወድ የመጣውስ?

ከአልዩ አምባ ብዙም ሳይርቅ አብዱል ረሱል የሚባል የገበያ ስፍራ ነበር። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነው። ከጉራጌ፣ ከከምባታ፣ ከጊቤ ማዶ የተነጠቁ ሴቶችና ልጆች በሸዋ በኩል እየተነዱ እዚህ ይደርሳሉ፤ ከዚህ በታጁራ መንገድ ወደ ባሕር፣ ባሕር ተሻግሮም ወደ ዐረብ አገር። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ገበያውን ጽፎታል፤ ጆንስተንም ጽፎታል። እኔ አንኮበርን እንደ ቤተ መንግሥት፣ አልዩ አምባን እንደ ጨው፣ እንደ ቡናና እንደ ጥጥ ገበያ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አብዱል ረሱልን በቤታችን የጠራ ሰው አልነበረም።

ቁልፉን የሰጡኝ ከሸማኔዎቹ ወገን የሆኑ አንዲት አሮጊት ናቸው። ቡና አፍልተው፣ ዱዓ አድርገው፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አንድ በአንድ ካስቆጠሩኝ በኋላ የአያቴን አያት ስም ጠራሁላቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ያቺ የቀረችው?» አሉኝ።

«ከምን የቀረች፣ እማማ?»

«ከቅፍለቱ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ታማ ወድቃ ነው። ግመሉ ሄደ፣ እሷ ቀረች። በአሞሌ ገዟት የሚልም አለ፤ ሜዳ ላይ ጥለዋት አነሷት የሚልም አለ። አያቴ ገዟት ነው የምትለው። እዚህ ቤት ፈትል አስተማሯት፣ ኋላም ለልጃቸው ዳሯት።»

«አገሯ የት ነበር?»

«ሕፃን ነበረች፤ ምን ታውቃለች! ብታውቅስ ማን ጠይቋት?»

ይህን ቃል ከሌላ ነገር ጋር ማመሳከር ነበረብኝ። አጎቴ ያኔ ያልነገሩኝን ወጥቼ ስጠይቃቸው ነገሩኝ፤ እሷ ስትሞት በእሷ ወገን ሆኖ ለልቅሶ የተቀመጠ ዘመድ አልነበረም። ወንድም አልመጣም፤ የአጎት ልጅ አልመጣም። በእሷ በኩል ርስት የጠየቀም፣ ደም የተካሰሰም የለም። በእኛ አገር እናት የሌለው ሰው ይኖራል፤ ጨርሶ ወገን የሌለው ሰው ግን ከወገኑ የተነጠቀ ነው። ከጉራጌ ትሁን ከከምባታ ወይም ከሌላ፣ ማወቂያው መንገድ እሷ ልጅ ሳለች ተዘግቷል። አሮጊቷ ከአያታቸው የሰሙትን ግን አምናለሁ።

የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የታጁራ መንገድ እየሳሳ ሄደ፤ አልዩ አምባም ከሸዋ በርነት ወደ ወረዳ መንደርነት ወረደች። ባርነትን ለማስቀረት በ1916 አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የቀሩት የእነዚያ ሰዎች ልጆች አማራም፣ አርጎባም፣ ኦሮሞም እየተባሉ ተቆጠሩ። በ1987ቱ ቆጠራ በአገሪቱ 63 ሺህ ግድም ሰው «አርጎባ ነኝ» ብሎ ነበር። በ1999ኙ ቁጥሩ ከ140 ሺህ አለፈ። በ12 ዓመት ውስጥ እንዲህ በእጥፍ የሚያሳድግ የወሊድ ብዛት የለም። ብዙ ሰው እንደ አጎቴ የእናቱን ወይም የአያቱን ቤት መልሶ ስለጠራ ነው እላለሁ፤ ደስም ይለኛል። ቆጣሪው የሚጽፈው የተነገረውን ነውና፣ ሰው ሲደፍር መንደሩ በወረቀት ላይ ይለወጣል። ስለ እሷ ደፍሮ የሚናገር ግን እስካሁን አልተገኘም። ከአባቴም ከአጎቴም መልስ ውስጥ እሷ የለችም፤ ሁለቱም ግን በደማቸው ተሸክመዋታል።

የሰማሁትን ይዤ ስመለስ አባቴ ጥቂት አልቅሰው «ጻፈው» አሉ። አጎቴ ተቆጡ። ቁጣቸው ከፍርሃት የመጣ መሆኑ ይታወቃል። «ልጅቱ ትዳርና ከዚያ ብታወራው ምን አለበት?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት ጨዋ ዘር ተብሎ የተቆጠረውን ቤት በአንድ ቃል እንዳላፈርሰው ነው የሰጉት። እኔ በዚህ አልስማማም። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ፣ ተነድታ፣ ተሸጣ፣ ታማ ተጥላ፣ ከዚህ ሁሉ ተርፋ ፈትል ፈትላ እኛን ያቆየች ከሆነ፣ ነውሩ የሻጭና የገዢ ነው። ገዢው ደግሞ የራሳችን ሰው ነው፤ እሱንም አብረን መቁጠር አለብን። ለእህቴ ልጅ ነገርኳት፤ እሷም ለእጮኛዋ ነገረችው። ሠርጉ አልቀረም።

የቤተሰቡ ትውልድ የተጻፈበት ደብተር አጎቴ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። በስሟ ትይዩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አገሯ ያልታወቀ፤ በልጅነቷ በአብዱል ረሱል የተሸጠች፤ በአልዩ አምባ ሸማኔዎች ቤት ያደገች።» በሚቀጥለው ስሄድ አጎቴ «የተሸጠች» የምትለዋን ቃል ሰርዘው፣ በላይዋ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «ያለፈች» ብለው ጽፈው አገኘሁ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ መልሼ ጻፍኳት። ደብተሩን አልቀሙኝም።