ጥንጉ ጭላዳዎች መሃል ሲገባ

የፒያሳው ግቢያችን ጠባብ ነበር፤ ልጄ በገና ዱላው ጥንጉን በመታ ቁጥር የጎረቤት ቆርቆሮ ይጮኻል። በጥር 2015 ዓ.ም. ከደባርቅ የፓርኩን ስካውት ይዘን ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣም ዱላውን አልተወውም።

ሳንካበር፣ 3,250 ሜትር ላይ ድንኳን ተከልን። ልጄ ሜዳውን ሲያይ «ጎልፍ መጫወቻ ይመስላል!» ብሎ ጥንጉን ለጋው። ተንከባልሎ ሣር የሚግጡ ጭላዳዎች መሃል ገባ። ሊያመጣ ሲሮጥ ስካውቱ ክንዱን ያዙት።

«ቤታቸው ነው፤ በልተው ይነሡ» አሉት።

ግማሽ ሰዓት ጋቢ ለብሰን ጠበቅን። ስልክ ሳልነካ ከልጄ ጋር ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ግቢያችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገባን። ልጄ ዛሬም ዱላውን ከማንሳቱ በፊት «ጎረቤት ተኝቷል?» ብሎ ይጠይቃል።