ወንበሩን ማን ይጥረግ?

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር የሆንግ ኮንግ የከተማ ባቡር ድርጅት ፉርጎዎቹን በሮቦት ማጽዳት ጀመረ፤ ማሽኑ የሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጉም ይረጫል፤ ጉሙም የሰው እጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። በአዲስ አበባ ከሥላሴ ወደ ፒያሳ በሚጭኑት ታክሲዎች ግን የመከላከሉ ሥራ የወደቀው በረዳቱ እጅ በያዛት የሳኒታይዘር ጠርሙስ ላይ ነበር።

*

የሆንግ ኮንጉ ሮቦት ባለ ስምንት ፉርጎ ባቡር ለማጽዳት አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሠራው ሌላው ዓይነት ደግሞ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ሰው ባለበት አይበራም፤ ጨረሩ ያላረፈበትን የወንበር ሥርም አያጸዳም። ስለዚህ ለኛ ቢመጣ ቦታው ሌሊት ቃሊቲና አያት የሚያድረው ቀላል ባቡር፣ የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች ጋራዥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያወርድና ሲጭን የሚውል ሚኒባስ ሌሊት ቢጸዳ፣ ማለዳ የሚሳፈረው የመጀመሪያው ሰው መልሶ ይነካካዋል።

*

ለኮሮና ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገ። መስኮቱ ግን እንደተዘጋ ነበር። አንዱ ሲከፍት ሌላው «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ይላል። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ የታፈነ አየር ውስጥ የተቀመጠን ሰው የታጠበ ወንበር አያድነውም። የተከፈተ መስኮት ደግሞ ወጪ የለውም።

*

የኋላ ወንበር ሒሳብ በሦስትና በአራት ሰው እጅ አልፎ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት ይመለሳል። ሮቦት ብሩን አያጥብም። በሞባይል የሚከፈልበት ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህን ቅብብሎሽ የማስቀረት ዕድል ይዞ መጣ። የታክሲ ክፍያን ከእጅ ወደ እጅ ማላቀቅ የጤና ጉዳይም ነው።

*

ሩዋንዳ በግንቦት 2012 ዓ.ም. አምስት ሮቦቶችን ለኮሮና ሕክምና ማዕከሎቿ ተረከበች። ሙቀት ይለካሉ፣ መልእክት ያደርሳሉ፤ ዓላማው የጤና ባለሙያው ከታማሚው ጋር የሚኖረውን ንክኪ መቀነስ ነበር። ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው፦ ማሽኑ ማንን ያድናል? በኛ ጋራዦች በዚህ ጥያቄ ፊት የሚቆሙት በረኪና እየተነፈሱ አውቶቡስ የሚያጥቡት ሠራተኞች ናቸው። ሮቦት የሚያስፈልገን እነሱን ከሥራ ለማስወጣት ሳይሆን ከመርዙ ለማራቅ ነው።

*

አዲስ አበባ ወረርሽኝን በጭስ ለመከላከል የሞከረች ከተማ ናት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ሲመጣ እየተጠረገ ይታጠናል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ጎዳና ላይ ኬሚካል መርጨትን አልመከረም፤ ቆሻሻ የኬሚካሉን ኃይል ያመክነዋልና። ከኅዳር 12 ልማዳችን ዛሬም የሚጠቅመን መጥረጉ ነው፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

*

ቀጣዩ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ከተማዋ በጀቷን በቅደም ተከተል ትያዝ፦ በመጀመሪያ ለጽዳት ሠራተኛው በቂ ደመወዝ፣ ጓንትና ጭንብል፤ ቀጥሎ የሚከፈት መስኮትና ከእጅ ንክኪ ነጻ ክፍያ፤ ከዚያ በኋላ ለባቡሩና ለአውቶቡሱ ሮቦት። ሠራተኛው ባልተጠበቀበት ጋራዥ የሚቆም ሮቦት ለታይታ ብቻ ነው።