የተከራይ መደርደሪያ

መጽሐፍ ያለው ተከራይ ቤት ሲለቅ ሁለት ጊዜ ይጫናል፤ አንድ ጊዜ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ለመጻሕፍቱ። እኔና ባለቤቴ በዘጠኝ ዓመት አምስት ቤት ስንቀያይር አልጋውም ምድጃውም የየራሱን ቦታ አግኝቷል። መጻሕፍቱ ግን ከአልጋ ሥር ወደ አልጋ ሥር ይዛወራሉ እንጂ ከካርቶናቸው ወጥተው አያውቁም። ስድስት ዓመት የሞላት ልጃችን ዕድሜዋን ሙሉ ካርቶኑን እያየች፣ ውስጡ ያለው መጽሐፍ መሆኑን አታውቅም ነበር። ለእኔ ከአይጡም ከእርጥበቱም የከፋው ይኸው ነው።

በሱቅ የሚሸጠው የችፑድ መደርደሪያ አንዴ ተፈትቶ ሲገጠም የብሎኑ ቀዳዳ ይላላል። ግድግዳ ላይ የሚመታው ደግሞ የሰው ግድግዳ ይበሳል። አከራያችንም መጋዝ ይዤ ስገባ ሲያዩኝ፣ «ልጄ፣ ግድግዳዬን አደራ!» ነበር ያሉት። ስለዚህ ለተከራይ የሚበጀው ራሱን ችሎ የሚቆም፣ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ መደርደሪያ ነው።

ጣውላውን ያገኘሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጽድ። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከገዙት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የኖረ ጽድ ግን መጣመሙን ድሮ ጨርሷል፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም።

መሣሪያዬ መጋዝ፣ ሜትር፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ 13 ቁጥር መፍቻ ብቻ ነበር። መደርደሪያው ቁመቱ 180፣ ስፋቱ 80፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ጣውላው ከዚህ ከረዘመ በመጽሐፍ ክብደት መሐሉ ይጎብጣል። በአራቱ የሞራሌ እግሮች ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ አጫጭር ሞራሌዎች አሰርኩ፤ አምስቱን ጣውላዎች በእነሱ ላይ አስተኝቼ በ8 ሚሊ ሜትር ብሎን አጠበቅኋቸው። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ በሲባጎ ለካሁ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ መደርደሪያው ዘሟል ማለት ነው። በመጨረሻ ከጀርባው አንድ እንጨት በሰያፍ አሰርኩበት። ይህን የምታነቡ ተከራዮች፣ ይቺን እንጨት እንዳትንቋት! አራት ማዕዘን ሲገፉት ያዘነብላል፤ በሰያፍ ተከፍሎ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ግን አይነቃነቅም።

ከባዶቹ መዝገበ ቃላት ከታች ገቡ፤ ክብደቱ ታች ሲሆን መደርደሪያው ለመውደቅ አይቸኩልም። ከእነሱ በላይ ያለውን፣ የልጃችን እጅ የሚደርስበትን እርከን ለተረት መጻሕፍት ተውነው። እያወጣች ታገላብጣቸዋለች፤ ስትመልሳቸው ግማሾቹ በጭንቅላታቸው ይቆማሉ። አላቃናቸውም።

አከራያችን መጥተው ግድግዳቸውን በዓይናቸው ዳሰሱና፣ «ስትለቁስ ይኼ በዚህ በር እንዴት ሊወጣ ነው?» አሉኝ። ከየጣውላው ጀርባ የጻፍኩትን ቁጥር አሳየኋቸው፤ ከ1 እስከ 5።

ስድስተኛው ቤት መምጣቱ አይቀርም። መፍቻው ላይኛው እርከን ላይ፣ ከመጻሕፍቱ አጠገብ ተቀምጧል።